የጉልላት ጊታር

"ተጫወት እንጂ! ምን እጅህን አጣጥፈህ ታየኛለህ?" አለ ባሕሩ፣ ጥቁሩን ጊታር ትከሻው ላይ አንግቶ ገመዱን ድምፅ ማጉያው ላይ እየሰካ። "አንተ የኔን ምታ፣ እኔ ይኼኛውን እይዛለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ካልሰማሁ ምኑን መረጥኩት?"

ዕንባቆም የባሕሩን አሮጌ ጊታር ጭኑ ላይ አጋድሞ ጣቶቹን ክሮቹ ላይ አሳረፈ። ጣቶቹ ግን እሺ አላሉትም።

"ምን ልምታ?"

"ባቲ። ሌላ ምን ትችላለህና!" ባሕሩ ሳቀ። እውነቱን ነው። ዕንባቆም በሠርግ ቤት ዘመናቸው ቤዝ ይመታ የነበረ ሰው ነው፤ ባለ ስድስት ክሩን የሚነካው ሲገደድ ብቻ ነው።

ወንድሙ ትናንት የተቀበረበት ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ እየሳቀ ባቲ ምታልኝ ሲለው፣ ዕንባቆም ባቲ መታ። ምን ያድርግ?

ሟቹ ጉልላት የባሕሩ ታናሽና ብቸኛ ወንድም ነው። ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚጫወትበት ሆቴል ወጥቶ ታክሲ ሲጠብቅ፣ ደረቱን ይዞ አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ቀበሩት። ወሬው ስቶክሆልም የደረሰው አስከሬኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከሻርሆልመን እስከ ቴንስታ ያለው አበሻ ሁሉ ሲሰማ ያልተነገረው ለባሕሩ ብቻ ነው።

መርዶው ለእሑድ ማለዳ ተቀጥሯል። ቀጠሮውን የያዙት ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው፤ የእድሩ ሽማግሌ ስለሆኑ በዚህ ከተማ ያለ እሳቸው ሰው አይረዳም። ዓርብ ዕለት ለዕንባቆም ደውለው ነገሩን ሁሉ አሰናድተው ጨርሰው ነበር።

"ማታ አናረዳውም" አሉት። "ማታ የተረዳ ሰው ሌሊቱን ከሐዘኑ ጋር ብቻውን ነው የሚያድረው። ደሞ ደም ግፊት አለበት። ልጁ ማርያማዊት ነገ አመሻሽ ከጎተንበርግ ትገባለች፤ እሷ ትድረስለት። እሑድ ማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሄደን እንነግረዋለን። አንተ ቅዳሜን ከቤት አውጥተህ ያዝልን።"

"እሺ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ። የት ልውሰደው ግን?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ጓደኛህ አይደለም? ሸዋሉል እሱ በሌለበት ትንሽ ታልቅስ፣ ሴቶቹም ቤቱን ያሰናዱ። ብቻ አደራህን፣ ምንም እንዳይጠረጥር።"

የት ልውሰደው ብሎ የተጨነቀው በከንቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሻርሆልመን ሲደርስ ባሕሩ ጃኬቱን ለብሶ፣ አሮጌ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ በሩ ላይ ጠበቀው። "እንኳን መጣህ! ዛሬ ሌዲግ ነኝ፣ ዕረፍት፤ አውቶብሱን ሌላ ይንዳው" አለው። "ለጉልላት ጊታር ልመርጥ ነው። ና፣ ጆሮህን አውሰኝ።"

ከኋላው ሚስቱ ሸዋሉል ዓይኗ ቀልቶ ቆማለች። ሽንኩርት ስከትፍ ነው ብላዋለች፤ ቤቱ ግን ሽንኩርት ሽንኩርት አይልም። ባሕሩ ወደ እሷ በአውራ ጣቱ እየጠቆመ፣ "እቺ ሴትዮ ደሞ ስልኬን ውኃ አጠጥታልኛለች" አለ። "ሩዝ ውስጥ ቀብራው ካልደረቀ አይነካም ትላለች። ሰው በዚህ ዘመን ያለ ስልክ ይኖራል?"

ስልኩን ውኃ አልነካውም። ተዘግቶ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ድሮ መርዶ ሲደበቅ ጎረቤት አፉን ይያዝ ይባል ነበር፤ ዛሬ አስቀድሞ የሚያዘው ስልክ ነው። ስልኩን ያልተቀማ ሰው ቁርሱን ሳይጨርስ የአባቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ያየዋል። ዕንባቆም ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። የእናቱን ሞት የሰማው ቴንስታ ውስጥ፣ ጥገና በሚሠራበት ትምህርት ቤት ምድር ቤት ቆሞ፣ በማያውቀው ሰው ጣት "ነፍስ ይማር" ተብሎ ከተጻፈበት ፌስቡክ ላይ ነው። የሚይዘው ሰው አልነበረም። የውኃ ቧንቧውን አቅፎ አለቀሰ። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ሲለምኑት እሺ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ባሕሩን ሰው ይዞት እንዲያለቅስ ፈልጎ።

አሁን ግን ሆርንስቱል አጠገብ ባለው ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ባቲ እየመታ፣ ይህን ሥራ ለማንም አልመኝም ይል ነበር።

ባሕሩ ጥቁሩን ጊታር መታ መታ አድርጎ ፊቱን አጨፈገገ። "አይሆንም። ይኼ ወፍራም ብቻ አይደለም፣ ሆዳም ነው። የኔን ይውጠዋል። ሰማኸው?"

"ሰማሁት።"

"ታዲያ ለምን አትናገርም? ጆሮህን ነው የተዋስኩት እንጂ ጢምህን አይደለም።"

የሱቁ ባለቤት ሮቢ ሽበታም ጸጉሩን ከኋላ ያሰረ ረጅም ሰው ነው። የባሕሩን አሮጌ ጊታር ከዕንባቆም ጭን ላይ ተቀብሎ፣ ገልብጦ አየ፤ አንዴም ከላይ እስከ ታች መታው። "ያንተ ድምፅ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው" አለ በስዊድንኛ። "ቀጭን፣ ጥርት ያለ። ሁለተኛው ምድር ቤት መኖር አለበት። ሁለቱም አንድ ፎቅ ላይ ከሆኑ በር ላይ ይጋጫሉ። መንትያውን ከወሰድክ ደግሞ ሁለት ጊታር አይኖርህም፣ አንድ ጊታር ሁለት ጊዜ ነው የሚኖርህ።"

"እሱ ገብቶኛል" አለ ባሕሩ። "ግን ለኔ አይደለም። ወንድሜ ነው የሚይዘው። እሱ ደሞ ከታች አይቀመጥም። ከታች ይጀምርና፣ ያልጠረጠርክበት ቦታ ላይ ወጥቶ ይቀድምሃል። ቦታ ሊለቅለት ይገባል ጊታሩ።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"ለገና። ለኛ ገና። ቪዛውን ሁለቴ ከለከሉትና አሁን ሰጡት።" ባሕሩ ሁለት ጣቱን አውጥቶ አሳየው። "ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ አብረን እንመታለን። በሕይወታችን ሁለት ጊታር ይዘን ተቀምጠን አናውቅም፣ ይኸውልህ። እኔ በሱዳን በኩል ስወጣ ጊታሬን አልጋ ሥር ትቼ ነው። እሱ ያኔ ሕፃን ነበር። አልጋ ሥር ገብቶ አገኘው፣ እዚያው ሥር ተኝቶ ተማረ፣ እማዬ እንዳትሰማው። ከብዙ ዓመት በኋላ ስሄድ ያው ጊታር አንድ ብቻ ነው። አንዴ እሱ፣ አንዴ እኔ፣ እየተቀባበልን ነጋ።"

"በስልክስ አብራችሁ አትጫወቱም?"

"በስልክ አብሮ መምታት አይሆንም፣ ድምፁ ይዘገያል። እኔ ስጨርስ እሱ ይቀጥላል፣ እሱ ሲጨርስ እኔ። ይኸው ስንት ዓመት ተራ እየጠበቅን።"

ዕንባቆም ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። የኅዳር ዝናብ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ ቀኑ ገና ሳይጋመስ መብራት በርቷል። እዚያው ቆሞ ልንገረው አለ በልቡ። ዞሬ፣ ባሕሩ፣ ወንድምህ የለም ልበለው። ከዚያ ሮቢን አየ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጊታሮች አየ፣ ራሱን ይዞ ሱቁ ውስጥ የሚጮህ ጓደኛውን አሰበና ተወው። ምድር ቤት ውስጥ ያቀፈው ቧንቧ ትዝ አለው።

ሮቢ ከጓሮ ክፍሉ ሌላ ጊታር ይዞ መጣ። ቀላ ያለ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ፣ ፊቱ ላይ እንደ ቫዮሊን ሁለት ቀዳዳ ያለው ነው። አንገቱ ላይ ያለው ቀለም የሰው እጅ እየዳበሰው ተልጧል። ባሕሩ ተቀብሎ ሳይሰካው ጆሮውን ሆዱ ላይ አስጠግቶ መታው። ከዚያ ሰካው።

"ምታ" አለው ዕንባቆምን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዕንባቆም መታ። አሮጌው ጊታር በቀጭን ድምፁ ከላይ ሲሄድ፣ ቀዩ ከሥሩ ገባ፤ ወፍራም ነው፣ ግን አይጫንም። እንደ ለሰለሰ የወንድ ድምፅ ነው። ባሕሩ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዩ ጊታር አብሮት ወጣ፣ አሮጌው ላይ ሳይወድቅ አጠገቡ ቆመ። ዕንባቆም ሳያስበው መምታቱን አሳመረ። ለትንሽ ጊዜ ሁሉን ረሳ። አንድ ልብ የሚነካ ነገር ሲሰማ ጣቱ ይሞቃል፣ የሙዚቀኛ ነገር እንዲህ ነው። ኋላ ሲያስታውስ አፈረ፤ ከሐዘኑ ሐፍረቱ በለጠበት።

"ይኼ ነው" አለ ባሕሩ። ዓይኑ ረጥቦ ነበር። "ይኼ ይመስለኛል። ግን የሚይዘው እሱ ነው፣ ሁለቱንም ይስማና እሱ ይምረጥ። ስልክህን አምጣ።"

"ስልኬ… ባትሪው ሞቷል።"

ይህን እንዳለ ደረት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ነበሩ።

"ሞቶ ነው የሚጮኸው?" ብሎ ባሕሩ ሳቀና እጁን ዘረጋ። ዕንባቆም ጥሪውን አጥፍቶ፣ ሌላ ውሸት ፈልጎ አጣና ሰጠው።

ባሕሩ ቴሌግራሙን ከፍቶ የጉልላትን ስም ራሱ ፈለገ። ዕንባቆምና ጉልላት የሠርግ ዘፈን ሲላላኩ የቆዩበት ስለሆነ ሩቅ አልነበረም። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አቁሞ መቅጃውን ተጭኖ አፉን አስጠጋ።

"ጉልዬ፣ እኔ ነኝ። ስልኬን ሸዋሉል አስጥማዋለች፣ ይኼ የዕንባቆም ነው። ሁለት ጊታር አሰማሃለሁ። ሥር ሥሩን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ፣ በኔ ጊታር ከላይ የሚያጅበው ዕንባቆም ነው፣ ስሕተት ከሰማህ የሱ ነው። አንደኛው… ይኸውልህ።" ጥቁሩን አንሥቶ መታ። "ሁለተኛው ደሞ ይኼ።" ቀዩን መታ፤ ከፊተኛው ረዘም አድርጎ። "የትኛውን ትይዛለህ? ቶሎ በለኝ፣ ሰውየው ሱቁን ሊዘጋ ነው።"

ሊዘጋ አልነበረም። ወንድሙን ለማጣደፍ ነው እንዲህ ያለው።

መልእክቱ ሄደ። ከሥሩ አንዲት ጭረት ቆመች። ሮቢ ከማሽኑ በወረቀት ኩባያ ቡና ቀድቶ ሰጣቸውና ሌላ ደንበኛ ጋ ሄደ። ሁለቱ ጓደኛሞች ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ላይ ተቀመጡ፤ ስልኩን ዕንባቆም መልሶ ይዞታል። የጉልላት ስልክ ጠፍቶ ይሆናል፣ ካርዱ ወጥቶ ይሆናል፣ ሰው ቢሞት ስልኩን ማን ይከፍተዋል እያለ ራሱን ያጽናና ጀመር።

"መጣ?" አለ ባሕሩ።

"ገና።"

"አየኸው? ሥራ ላይ ይሆናል።" ቡናውን ፉት አለ። "አይ፣ አሁን ሥራ ላይ አይደለም። ቅዳሜ ቀን ቤት ነው።"

ባሕሩ አንገቱን አስግጎ ስልኩን አየ። ጭረቷ ሁለት ሆናለች።

"ከፈተው!" አለ። "ከፈተው፣ እየሰማው ነው!"

እንዲህ ሲል ፊቱ ላይ የታየውን ተስፋ ዕንባቆም እስኪሞት አይረሳውም። ሰው ለጊታር እንዲህ አይሆንም ብሎ ያን ጊዜ መገረም ነበረበት፤ እሱ ግን ስልኩ እጁ ላይ እንደ ፍም ሆኖበት ሌላ ነገር አላየም። ባሕሩ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል አስገብቶ ይጠብቃል። ሌላ ጊዜ ጉልላት ሰምቶ ሳይጨርስ ነበር የሚመልሰው፤ ግማሹን ይሰማና "ክሩን ቀይር አንተ ሽማግሌ" ይላል፣ ወይ ራሱ መትቶ ይልካል። አሁን ምንም አልመጣም። የወረቀት ኩባያው ቀዘቀዘ።

ከዚያ ስልኩ ነዘረ። ዕንባቆም ወደ ደረቱ አስጠግቶ አነበበው። የጻፈችው የጉልላት ልጅ ሚካል ናት።

"ጋሼ ዕንባቆም፣ ጋሼ ባሕሩ ገና አልተረዳም እንዴ? እማዬ ድምፁን ሰምታ ወደቀች። ድንኳኑ በሙሉ እያለቀሰ ነው። ምን እናድርግ?"

"ምን አለ?" አለ ባሕሩ።

"ከሥራ ነው።" ዕንባቆም ስልኩን ገልብጦ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "ትምህርት ቤቱ… ደወሉ ተበላሽቶ እየጮኸ ነው አሉኝ።"

"ቅዳሜ?"

"ቅዳሜም ይበላሻል።"

ባሕሩ ትክ ብሎ አየው። ብዙ አየው። ከዚያ "እሺ" አለ። ተነሥቶ ቀዩን ጊታር አነሣ፤ አልመታውም። ከኪሱ መሐረቡን አውጥቶ ክሮቹን አንድ በአንድ ከላይ እስከ ታች መጥረግ ጀመረ፤ ሙዚቀኛ ጨርሶ ሊከድነው ሲል እንደሚያደርገው።

ከመደርደሪያው ማዶ ሮቢ፣ "ወንድምህ መለሰልህ?" አለው።

"አዎ። ሁለተኛውን አለ" አለ ባሕሩ። "ይኼን ነው የምወስደው።"

ዕንባቆም ብድግ አለ። ይህን ማየት አልቻለም። ነገ ማለዳ መርዶውን ሲነግሩት፣ ለሞተ ሰው ጊታር ስገዛ አጠገቤ ቆመህ ታየኝ ነበር እንዴ ቢለው ምን ይመልሳል? ክንዱን ያዘው። "ባሕሩ፣ አትቸኩል። ደህና ብር ነው የሚያወጣው። ሰኞ እንመለስና…"

"ሰኞ?" ባሕሩ መሐረቡን አጠፈ። "ሰኞ እንዴት እወጣለሁ ዕንባቆም? ሰኞ እኮ ቤቴ ሰው ይሞላል።"

ዕንባቆም ክንዱን ለቀቀው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ነው የዋለው ነገሩ፤ ያላወቀው እሱ ነው።

"ማን ነገረህ?"

"ማን ይነግረኛል? የሩዙን ሳህን ፈተሽኩት። ትናንት፣ ሸዋሉል መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ስታለቅስ። ሩዝ ብቻ ነው። ስልክ የለበትም።" ድምፁ አይንቀጠቀጥም። "የጓደኛችን የሰላምሰገድ አባት ሲሞቱ ስልኩን ሩዝ ውስጥ ነው ብዬ የደበቅኩት እኔ አይደለሁ? እሷ ከኔ ነው የተማረችው። ስንቱን አርድቻለሁ በዚህ አገር፣ ወጉን አጣዋለሁ?"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም? ጠዋት ስትስቅ አልነበረ እንዴ?"

"ማን እንደሆነ አላወቅኩማ። ካልጠየቅኩ ሁሉም አሉ። ዛሬን ልሳቅባት ብዬ ነው።" ባሕሩ መቀመጫው ላይ ቁጭ አለና ጊታሩን አቀፈው። "እማዬ ዘጠና ሊሞላት ነው፣ ከአልጋ አትነሣም። እሷ ናት አልኩ። እሷ ትሁን አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ታውቃለህ? እናቴ ትሁን ብዬ። ሰው በእናቱ እንዲህ ብሎ ይጸልያል?"

ዕንባቆም አጠገቡ ቁጭ አለ።

"መልእክቱን የላክኩት ላውቅ ብዬ ነው። የሞተችው እማዬ ብትሆን ኖሮ እሱም ከሚደብቁኝ አንዱ ነው፤ እንዳልጠረጥር ብሎ ፈጥኖ ይመልስ ነበር። ሁለተኛው ይለኝ ነበር።" ጣቱ ቀዳዳው ዳር ይሄዳል፣ ይመለሳል። "የጻፈችው ሚካል ናት?"

"አዎ።"

"መቼ ነው?"

"ሐሙስ ማታ። ከሥራ ወጥቶ። አልተሠቃየም አሉ።"

ባሕሩ ራሱን ነቀነቀ። ሱቁ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ከበሮ ይሞክራል፤ ሮቢ ዝም እንዲል በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ምን እንደሆነ ባይገባውም የሆነ ነገር እንዳለ አይቷል። ዕንባቆም እጁን ጓደኛው ጀርባ ላይ አድርጎ፣ አልቅስ እንጂ፣ ይዤሃለሁ ሊለው ፈለገ። ባሕሩ ግን ቀድሞ ተነሣ።

"አሁን አላለቅስም" አለ። "ካለቀስኩ ፊቴ ያጋልጠኛል። ሸዋሉል ሁለት ቀን አፏን ይዛ ተሠቃይታለች፣ ያን ድካሟን ሜዳ ላይ አልጥለውም። ልጄም መንገድ ላይ ናት። ነገ ማለዳ ኑ፣ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ይንገሩኝ። ነገ ነው የምረዳው።"

"ትችላለህ?"

"ዛሬን?"

"ነገንም። እንዳልሰማ ሰው ሆነህ…"

"ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" አለ ባሕሩ። "ለነገ አትስጋ።"

የጊታሩን ዋጋ ከፈለ። ሮቢ ማንጠልጠያ ያለው ጥቁር የጨርቅ ማኅደር በነጻ ጨመረለት፣ "ለወንድምህ ሰላምታ አቅርብልኝ" አለው። ባሕሩም "አቀርባለሁ" ብሎ እጁን ጨበጠው።

የምድር ባቡሩ ጣቢያ ውስጥ ሁለቱ የሚሄዱበት አቅጣጫ የተለያየ ነው፤ ባሕሩ በቀዩ መስመር ወደ ደቡብ፣ ወደ ሻርሆልመን፣ ዕንባቆም ወደ መሐል ከተማ፣ ከዚያም በሰማያዊው ወደ ቴንስታ። መሐሉ ላይ ባለው የባቡር መጠበቂያ ቆሙ። ባሕሩ አሮጌ ጊታሩን ከጀርባው አወረደና ከአዲሱ ጋር ዕንባቆም ፊት አቆመው።

"ሁለቱንም ውሰዳቸው።"

"ያንተንም?"

"ነገ ለቅሶ ቤት ነው፣ ሰው ሲገባ ጊታር ማየት የለበትም። ደሞ እኔም እንዳላያቸው። እስከ ሙት ዓመቱ አንተ ጋ ይቀመጡ።" የሁለቱን ማኅደሮች ማንጠልጠያ እርስ በርስ አስጠግቶ ያዘ። "አንድ ጥግ አስቀምጣቸው። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ጓዳ እንዳታደርግ። አንድ ላይ ይሁኑ።"

"አንድ ላይ አደርጋቸዋለሁ።"

"ክራቸውን ላላ አድርግላቸው፣ አንገታቸው እንዳይጎብጥ።"

"እሺ።"

"ለሚካልም ጻፍላት። ጋሼ ባሕሩ ነገ ይደውልልሻል በላት። ሌላ አትበላት።"

የደቡቡ ባቡር መጣ። ባሕሩ ባዶ ጀርባውን ሰጥቶ ገባ። ሁሌ አንድ ነገር አዝሎ የለመደ ሰው ሸክሙን ሲያወርድ ትከሻው ይጎብጣል እንጂ አይቃናም፤ የሱም ጎብጦ ነበር። መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና፣ ቤት ሲገባ የሚያሳየውን ፊት እንደሚሞክር ሰው፣ ወደ መስታወቱ ትንሽ ፈገግ አለ። ባቡሩ ይዞት ሄደ።

ዕንባቆም ያን ጊዜ አለቀሰ። ሰው ያልፋል፣ ያገድማል፤ ሁለት ጊታር ይዞ የሚያለቅስን ሽማግሌ ቆሞ ያየ አልነበረም። እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ስልኩን አወጣ። ለሚካል የታዘዘውን ጻፈላት። ከሱ በላይ የጋሽ ፍቅረ ሥላሴ መልእክት ተደርድሯል፤ መጨረሻው "እንዴት ዋለ? የጠረጠረው ነገር አለ ወይ? እውነቱን ንገረኝ፣ እንደዚያ ከሆነ ዛሬውኑ እናርዳው" ይላል።

እውነቱን ቢነግራቸው ሽማግሌው ሰው አስከትለው አሁኑኑ ይነሣሉ። ባሕሩ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ ልጁ ገና ከባቡር ሳትወርድ፣ ሸዋሉል ፊቷን ሳትታጠብ ይደርሱበታል። ዕንባቆም ለጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ዋሽቶ አያውቅም፤ እሳቸውን የሚዋሽ ሰውም በከተማው የለም።

"ምንም አልጠረጠረም" ብሎ ጻፈ። "ጊታር ሲመርጥ ዋለ።"

አንዴ አነበበውና ላከው። ከዚያ አንዱን ጊታር በቀኝ፣ አንዱን በግራ ትከሻው አነገተ። ባቡሩ ሲመጣ በሩ ለሁለቱ ጠበበበት፤ ጎኑን አዙሮ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ደረቱ ላይ ይዞ ገባ።